አጥፍቻለሁ ያለው ልጄ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 (የጻፍኩት ግን ሰኞ ነው)

ወንዛዬ ነበርኩ። ለጉልበቴ ፍልውሃ ልነከር ከሄድኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ከውሃው ወጥቼ ሻሼን ስጨምቅ የባለቤቴ የኢሳቅ ወንድም አብዱልአሊም ቆሞ አየሁት። "ሙሰብ ትንሽ ታሟልና እንሂድ" አለኝ። ዓይኔን አላየም። እርጥቡን ሻሽ ከእጄ ተቀብሎ እሱ ይጨምቀው ጀመር። ወንድ ልጅ የሴት ሻሽ ሲጨምቅ አይቼ አላውቅም። መንገዱ ላይ ስንወጣ ባዶ ሚኒባስ ቆሟል፤ እኛን ብቻ ሊጭን። ለትንሽ ሕመም ማንም ሰው ሙሉ መኪና ኮንትራት አይዝም። እዚያው ገባኝ። ቢሆንም እስከ ወረታ ድረስ "ምኑን ነው ያመመው?" እያልኩ ጠየቅሁት፤ እሱም "ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው" አለኝ። ሁለታችንም እየዋሸን ደረስን።

ልጄ ሙሰብ፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ በጎንደር መንገድ መውጫ ባለው ነዳጅ ማደያ በተነሣ እሳት ተቃጠለ። ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት መንገድ ላይ አለፈ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ዓርብ ጠዋት ቀበሩት። ፊቱን አላሳዩኝም።

እሱ ሲቃጠል እኔ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነበርኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ሰኞ ዕለት የሙሰብን ቦርሳ አመጡልን። ይህ ደብተር ከዚያ የወጣ ነው። የደብተሩ የፊት ግማሽ የእሱ ጽሑፍ ነው፤ እሱን አልገልጥም። ከኋላ ገልብጬ የጀመርኩት ለዚህ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ እጄ ቀርፋፋ ነው። ግን ለሰው ከማወራ ለወረቀት ይሻለኛል።

ቦርሳው ውስጥ የነበረው፦ መፍቻዎች። እንደ ምላጭ የሳሱ፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ብረቶች፤ በሳጥንና በክዳን መካከል ያለውን ክፍተት የሚለካባቸው ናቸው። ቀይ የጥፍር ቀለም። ይህ ቀለም የእህቱ የሰብሪና ነው። ውሃ አያስገባም፣ የሶላት ዉዱእሽን ያበላሽብሻል ብዬ የተቆጣኋት ሰሞን ጠፋብኝ ብላ ስታለቅስ ነበር። ለካ ወንድሟ ወስዶት ኖሯል። የመረመረውን ብሎን በቀይ ምልክት ያደርግበት እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። ሰብሪና ጠርሙሱን አይታ በለቅሶዋ መሀል ሳቀች። "ሌባ" አለችው።

ከሱሪው ኪስ ደግሞ አንድ ትንሽ ቁልፍ ሰጡን። በሳጥኑ ሞከርኩት፣ በሻንጣው ሞከርኩት። የትም አይገባም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ሥራውን ለሰው ማስረዳት አቅቶኝ ኖሬአለሁ። ዛሬ ልሞክር።

ሙሰብ በባሕር ዳር ተቀጥሮ፣ ነዳጅ ባለበት ቦታ ያሉትን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚመረምር ነበር። "እማ፣ ቤንዚን ሲፈስ የምታይው አይደለም የሚያስፈራው፤ የማታይው ሽታው ነው። ሽታው ራሱ ይቀጣጠላል" ይለኝ ነበር። በመቅጃው ማሽን ሆድ ውስጥ ወፍራም የብረት ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ክዳኑ በደንብ ከተገጠመ ግን ወደ ሽታው አይወጣም። "ብልጭታውን አናስቀረውም፤ ቤቱን እንዘጋበታለን እንጂ" አለኝ አንድ ቀን። ክዳኑ ስምንት ብሎን ካለው ስምንቱም መኖር አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ሳጥኑ ሳጥን አይደለም።

ወደ ወረታ እንዲመጣ የጨቀጨቅሁት እኔ ነኝ። "እዚህስ ማደያ የለም? የሌላ አገር ብሎን ስትቆጥር ልታረጅ ነው" አልኩት። ዓርብ እመጣለሁ ብሎ ሐሙስ መጣ። እኔ አልነበርኩም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ሱቃችን በር ላይ ሁለት የባጃጅ ነጂዎች ያወራሉ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ።

"ራሱ ነው አሉ የለኮሰው።"

"ሊመረምር የመጣው?"

"ሐኪሙ ነው በሽታውን ይዞት የመጣ በለኛ!"

ኢሳቅ ስኳር እየመዘነ ነበር። እጁ አልቆመም። ሲሄዱ ግን ሚዛኑ ላይ የቀረውን ስኳር መልሶ ጆንያው ውስጥ ከተተው፤ ለማን እየመዘነ እንደነበር ጠፍቶበት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

ገበያው የሚባል ሰው መጣ። የማደያው ነዳጅ ቀጂ ነው፤ ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት መኪናው ውስጥ ሙሰብን በጭኑ ይዞ የሄደው እሱ ነው። ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አልጠጣም።

"እትዬ፣ መጨረሻ ላይ የተናገረውን ልንገርዎት ብዬ ነው። ሦስት ጊዜ ነው ያለው። 'ለማረው ንገሩት፣ አጥፍቻለሁ። አጥፍቻለሁ።'"

"ይቅር በለኝ አለ?"

"አጥፍቻለሁ ካለ ያው አይደል፣ እትዬ።"

ማረው የማደያው ዘበኛ ነው። እሱም ተቃጥሎ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቷል። ጉሮሮው ስለተጎዳ አይናገርም።

ሙሰብ ልጅ ሳለ ብርጭቆ ከሰበረ እኔ ሳላይ እሱ ቀድሞ ይመጣ ነበር። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ "እማ፣ አጥፍቻለሁ" ይለኛል። ጥፋቱን የማይደብቅ ልጅ አለኝ ብዬ ለጎረቤት ስኮራ ኖርኩ።

ዛሬ ምነው ይህን ልጅ ደብቅ ብዬ ባስተማርኩት አልኩ። አስተግፊሩላህ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

የክርስቲያኖቹ ፍልሰታ ገባ። የማረው ሚስት ጸሐይነሽ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወተት አምጥታልኛለች። ቤታቸው ከከተማው ወረድ ብሎ ከሩዙ ማሳ አጠገብ ነው። ጾም ሲገባ ቤቷ የሚጠጣው ስለሌለ ቅሉን ሞልታ ትመጣና "ያንች ጠግቦ መዋል ነው የኔን ጾም የሚያሳምረው" ትለኛለች። ዘንድሮ አልመጣችም። ገበያ ውስጥ አየኋት። እሷም አየችኝ። ሽንኩርቱን ጥላ ወደ ሌላው ተራ ዞረች።

አልፈርድባትም። ባሏን ልጄ አቃጥሎት እንደሆነስ?

ጻፍኩት። ለካ መጻፍ ይቻላል።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ዛሬ የምጽፈው በደስታም በሌላም ነው።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጎሕ ሲቀድ ሰብሪናን ከጓዳ ጠራኋት። "የበረንዳውን መብራት አጥፍተሻል?"

"አጥፍቻለሁ፣ እማ!"

ባለሁበት ቀረሁ። "ምን አልሽ?" አልኳት።

"አጥፍቻለሁ አልኩሽ እኮ። ምነው?"

እንደገና እንድትለው አደረግኋት። ልጄ፣ እናቴ አበደች ብላ ነው የመጣችው። ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንለዋለን! እኔ ግን ከብርጭቆው ጋር ብቻ አስሬው ከረምኩ።

ደብተሩን ከፊት ገለጥሁት። በረንዳ ላይ፣ በፀሐይ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። አንድ ገጽ፣ አንድ ማደያ። እጅ ጽሑፉ እንደ ሕፃንነቱ ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው። "ብሎን 8 ከ8። የኬብል መግቢያ ዝግ። የመሬት መስመር አለ።" የእያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፦

"አጥፍቻለሁ። ቆልፌአለሁ። ቁልፉ ኪሴ ነው።"

ሠላሳ አራት ገጽ ቆጠርኩ። ሠላሳ አራቱም ላይ አለ። ሳጥን ከመክፈቱ በፊት ኃይሉን ማጥፋቱን የሚጽፍበት ቃል ነው። ልጄ ሠላሳ አራት ጊዜ አጥፍቷል፣ አንድም ጥፋት የለበትም።

የመጨረሻው ገጽ የወረታ ነው። እንዳለ ልገልብጠው፦

"ሐምሌ 10። መቅጃ ቁጥር 2። ብሎን 5 ከ8። የኬብል መግቢያው ክፍት፣ በፌስታል ተወትፏል። መሥራት የለበትም፤ ቀይ ወረቀት ለጥፌአለሁ። ጄኔሬተር፦ ተበላሽቷል ተብያለሁ (ማረው)። አጥፍቻለሁ። ቆልፌአለሁ። ቁልፉ ኪሴ ነው።"

ከሥሩ በትንንሹ፦ "ሲያልቅ ወንዛዬ።"

ወደ እኔ ሊመጣ ነበር።

ለኢሳቅ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የጄኔሬተሩን መስመር ግን ዘለልኳት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ዓለምብርሃን ከሚባለው የሙሰብ የሥራ አለቃ ጋር በስልክ ተነጋገርን። ጎርፉ የዘጋው መንገድ ሲከፈት እመጣለሁ አለ። "ቁልፉን ለማንም እንዳይሰጡ" አለኝ። አንገቴ ላይ በክር አስሬዋለሁ። አልሀምዱሊላህ፣ ምግብ ቀመስኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ዓለምብርሃን መጣ። ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ኢሳቅ፣ እኔና አንድ የፖሊስ መርማሪ አብረን ወደ ማደያው ሄድን። የማደያው ፊት ጠቁሯል። ከኋላ ያለችው ዋናው የመብራት ማጥፊያ ያለባት ክፍል ግን አልተነካችም። እጀታው ወደ ታች ተመልሷል፤ ቀይ የጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ጓጉንቸሩ ላይ በነጭ ቀለም "ሙሰብ ኢ." የሚል አለ።

መርማሪው ራሱን አከከ። "ይህንን የማደያው ነው ብለን ነበር" አለ።

"የማደያው ከሆነ ቁልፉን ማን አላችሁ?" አለው ዓለምብርሃን።

"ማንም።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እናቴ፣ በእኛ ሥራ አንድ ደንብ አለ። የቆለፈው ሰው ራሱ ነው የሚከፍተው። አለቃም ቢሆን አይከፍትበትም። ሙሰብ ስለሌለ እኔ እከፍተው ዘንድ አይገባኝም። እርስዎ ይክፈቱት።"

ክሩን ከአንገቴ አወጣሁ። ኢሳቅ የእጄን አንጓ ደገፈው። ገባ። ዞረ። ቀጭ አለ።

ያን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። ከሦስት ሳምንት በላይ በየሳጥኑ የሞከርኩት ቁልፍ ቦታውን አገኘ።

መርማሪው ጻፈ፤ ዋናው ኃይል ከእሳቱ በፊት ጠፍቶ ተቆልፎ እንደነበር ጻፈ። ኢሳቅ ሲመለስ ባጃጅ አልያዘም። በከተማው መሀል በእግሩ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እያየው ሄደ።

"ታዲያ እሳቱን ምን አስነሣው?" አለኝ ሱቅ ስንደርስ።

"አላህ ያውቃል" አልኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ተኛሁ። ሌሊቱን በሙሉ። ዝናቡን አልሰማሁትም።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ መስሏል ይላሉ። ጠዋት በር ስንከፍት ደፉ ላይ ቅል ተቀምጧል፤ ወተት ሙሉ፣ አፉ በሣር ተከድኖ። ጾሙ ከተፈታ ሁለት ቀኑ ነው፤ ልጆቿ ገና የሚጠግቡበት ሰዓት ነው። ማንም የለም። ከበሩ እስከ መንገዱ የባዶ እግር ዱካ ጭቃው ላይ አለ።

ሰብሪና "ማን ነው?" አለች። ቅሉን አውቀዋለሁ፤ ማንገቻው እኔ የሰጠኋት ቀበቶ ነው። አፈላሁት፤ ሦስታችንም ጠጣን።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

አርባው። ሰደቃ አወጣን። የባጃጅ ነጂዎቹ መጥተው ውሃ ቀዱ፣ ድንኳን አወረዱ። አንዱ ወደ እኔ ቀርቦ "እትዬ፣ እኛም ያልሆነ ነገር…" ብሎ ቆመ። "ብላ" አልኩት። ገበያው አልመጣም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ረጅም ይሆናል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጨርሰው።

ጸሐይነሽ መጣች። በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። "ማረው ወጥቷል፤ ቤት ነው። ይጠራሻል። መንገዱ ውሃ ነው፤ ጉልበትሽም…"

"እሄዳለሁ" አልኩ።

ከመንገዱ ስንወርድ ውሃው እስከ ጉልበታችን ደረሰ። ሩዙ ጫፉን ብቻ አውጥቶ አረንጓዴ ይታያል። እጄን ያዘች፤ ከቀብሩ ወዲህ ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ነው። ጥቂት እንደሄድን "አንች፣ ለጉልበትሽ ወንዛዬ ድረስ ከምትንከራተች እዚሁ ብትነከሪ ምን ነበረበት?" አለችኝ። ከዚያ የተናገረችው አስደንግጧት አፏን ያዘች። እኔ ግን ሳቅሁ። ወንዛዬ የሚለውን ስም ሰምቼ እስቃለሁ ብዬ አላሰብኩም። ሁለታችንም ውሃ መሀል ቆመን ሳቅን፤ ከዚያ አለቀስን፤ ከዚያ ሄድን።

ማረው መደብ ላይ ነው። ሁለት እጁ በፋሻ ነው። ድምፁ እንደ ወፍጮ ይሻክራል።

"እትዬ ሀቢባ፣ ይቀመጡ። ቆመው አይስሙኝ።"

ተቀመጥኩ።

"ጄኔሬተሩን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ልጅዎ ሲጠይቀኝ ተበላሽቷል አልኩት። ያኔ እውነት መስሎኝ ነው፤ ለካ የጥገና ሠራተኞች በዋዜማው ጠግነውት ሄደዋል። እሱ ዋናውን አጥፍቶ፣ ቆልፎ፣ ቀይ ወረቀቱን ለጥፎ 'ማንም እንዳይነካ' ብሎኝ ለዙሁር ሶላት ወጣ። ሰልፉ አርባ ባጃጅ ነው። 'አንተ ዘበኛ ነህ ወይስ የወረቀት እረኛ?' ብለው ሳቁብኝ። አፈርኩ። ጄኔሬተሩ ላይ እንደሆን ወረቀት የለበትም ብዬ ሞከርኩት፤ ተነሣ፤ ዋናው ቢቆለፍም በራሱ መስመር ለመቅጃው ኃይል ሰጠ። ገበያው መቅዳት ጀመረ። ሁለት ጄሪካን አልሞላም፣ ማሽኑ እሳት ተፋ።"

ጸሐይነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ገበያው ቱቦውን ጥሎ ሮጠ። ጄኔሬተሩ አልቆመም፤ ቱቦው መሬት ላይ ይረጫል፣ እሳቱም ይከተለዋል፣ ወደ ሰልፉ። ልጅዎ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ከመስጊድ ሲሮጥ መጣ። ልብሴ ተያይዟል፤ 'ሙሰብ አጥፋው! አጥፋው!' እያልኩ እጮሃለሁ። በእሳቱ መሀል አልፎ ወደ ጄኔሬተሩ ገባ። ከዚያ ራሴን ሳትኩ። አጥፍቶት እንደሆን ወይ ሳይደርስበት እንደሆን አላየሁም። ሃምሳ ቀን ይህንን ሳስብ ነው የተኛሁት። ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ፣ ደርሶበት ይሆን? እያልኩ።"

"ገበያው አልነገረህም?"

"ገበያው ሊጠይቀኝ አልመጣም።"

ያኔ ነው የገባኝ። የልጄ የመጨረሻ ቃል ለእኔ አልነበረም፤ ለከተማውም አልነበረም። መልእክት ነበር። የሚደርሰው ሰው እስከ ዛሬ አልደረሰውም።

"ማረው" አልኩት፣ "ሙሰብ ልኮብሃል። መኪናው ውስጥ ሦስት ጊዜ ብሏል። 'ለማረው ንገሩት፣ አጥፍቻለሁ' ብሏል።"

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን ወደ ፊቱ አነሣ፤ መሸፈን አልቻለም። እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። ደጅ ያለው በግ እንኳ የደነገጠ መሰለኝ። ሲበርድለት እንዲህ አለ፦

"ጥፋቱ የእኔ፣ ማጥፋቱ የእሱ።"

"የጄኔሬተሩን ነገር አውቄው ነበር" አልኩት። "ደብተሩ ላይ ስምህ አለ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ጉሮሮህ እስኪድን።"

ይቅር ብየሃለሁ አልኩት። በአፌ ብቻ እንዳይሆን ፈርቼ ነበር፤ ስል ግን ደረቴ ቀለለኝ። ሦስቱን ብሎን ያጎደለው፣ ፌስታሉን የወተፈው ማረው አይደለም። እሱን የሚመለከተው ይጠይቀው።

ጸሐይነሽ ስትሸኘኝ ቅሉን በሌላ ወተት ሞልታ ትከሻዬ ላይ አነገተችልኝ። "ከነገ ጀምሮ እንደ ድሮው" አለች።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ማረው ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ፤ ማንም ሳያስገድደው። ሄደው ሲያዩም በጄኔሬተሩ ቤት ውስጥ ማጥፊያው ወደ ታች እንደተመለሰ ተገኝቷል፤ መያዣው ላይ የቀለጠ የጫማ ሶል። ማታ ገበያው ደወለ። "እትዬ፣ የሰማሁትን ነው ያልኩት" አለ። እውነቱን ነው፤ የሰማውን ነው ያለው። ነገ ና፣ ሻይህን ጠጣ አልኩት።

ኢሳቅ ነገሩን ሁሉ ከእኔ ሲሰማ "መስመር ዘለሽብኝ ነበር" አለኝ። "ዘለልኩ" አልኩ። "ደግ አደረግሽ። ያኔ ብሰማው ኖሮ…" አልጨረሰውም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 3 ቀን 2018

ውሃው ሸሽቷል። ከሩዙ ማሳ ዳር የከብት ድምፅ ይሰማል። ጉልበቴ አሁንም ያመኛል፤ ኢሳቅ ከገበያ በኋላ ራሱ ወንዛዬ ሊወስደኝ ነው። እሄዳለሁ። ልጄ ሊመጣበት የነበረ ቦታ ነው።

ዓለምብርሃን ደብተሩን ለመነኝ። አዲስ ለሚቀጠሩ መርማሪዎች የሙሰብን ገጾች ላስነብባቸው አለ። የኋላውን ቀድጄ የፊቱን ልሰጠው አስቤ ነበር። ከዚያ ተውኩት። አንድ ደብተር ነው፤ እንዳለ ይሂድ። ቁልፉንም በክሩ አስሬበታለሁ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ልጆች፣ እኔ የማላውቃችሁ፣ የየእናታችሁ ሙሰቦች። ብሎኑን አንድ በአንድ ቁጠሩ። ተበላሽቷል ሲሏችሁም ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ፤ ልጄ ያላየው እሱን ብቻ ነው። ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት "አጥፍቻለሁ" ስትሉ፣ እዚያው ላይ አንድ ትንፋሽ ቆዩለት። ሙስሊም የሆናችሁ ዱዓ አድርጉለት፤ አላህ ቀብሩን ያስፋለት፣ ከዚያ እሳት በኋላ ሌላ እሳት አያሳየው በሉ። ክርስቲያን የሆናችሁም እንደ ጸሐይነሽ በጸሎታችሁ ነፍሱን ይማር በሉልኝ፤ እሷ በየጠዋቱ ትለዋለች።

ስሙ ሙሰብ ኢሳቅ ነው። በስሙ ጥሩልኝ።